የዝላይ ኮዴ ምን ጎድሎታል? ልጁ ወይ ይበራል ወይ እርከኑ ላይ አይደርስም

ጀማሪው፣ ደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። በጎዶት 4 (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) የመጀመሪያዬን የቱዲ፣ ማለትም ባለሁለት አውታር፣ ጨዋታ እየሠራሁ ነው። አንድ እረኛ ልጅ ከአባይ በረሃ ተነስቶ የድንጋይ እርከን እየዘለለ ወደ ደጀን ይወጣል። እያንዳንዱ ድንጋይ 64 በ64 ፒክሰል ነው። ልጁ ካራክተር ቦዲ ቱዲ (በኮድ የሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ) ነው፤ ኮዱም አጭር ነው። ስፔስ ከተጫነ የዋይ ፍጥነት (የሽቅብና የቁልቁል ፍጥነቱ) -400 ይሆናል፣ ስበቱ 980 ነው፣ መጨረሻ ላይ ልጁን በፍጥነቱ የሚያንቀሳቅሰው ሙቭ ኤንድ ስላይድ አለ።
ስፔስን ተጭኜ ካቆየሁት ልጁ ሽቅብ ሄዶ ይጠፋል። ነካ አድርጌ ስለቀው ደግሞ ሁለት ድንጋይ ከፍታ ያለው እርከን ላይ አይደርስም። -600 ሳደርገው ይደርሳል፣ ግን አየር ላይ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ምኑን ላስተካክል?

የጮቄ ልጅ
ሽቅብ የሚጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የተጠቀምከው ኢዝ አክሽን ፕረስድ (ቁልፉ ተይዟል ወይ የሚለው ጥያቄ) ይመስለኛል፤ እሱ ቁልፉ ተይዞ እስካለ ድረስ በየፍሬሙ፣ ማለትም ኮዱ በሚሠራበት በእያንዳንዱ ዙር፣ «አዎ» ይላል። ፊዚክሱ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚሠራ ልጁን በሰከንድ 60 ጊዜ እየገፋኸው ነው። በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ የሚገፋው አንዴ ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚያዘው ስበት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በተጫነበት ቅጽበት ብቻ «አዎ» የሚለውን ኢዝ አክሽን ጀስት ፕረስድ አድርገው። ሁለተኛ፣ እግሩ መሬት መንካቱን አልጠየቅክም። «ቁልፉ አሁን ተጫነ እና ኢዝ ኦን ፍሎር» ብለህ ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቅ። ጎዶት ራሱ የሚሰጥህ ቴምፕሌት ስክሪፕት ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ከፍተህ አስተያየው።
ሌላ የሚያሳስት ነገር፦ ስበቱን በዴልታ (ከአንድ ፍሬም እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ) ታባዛለህ፣ የዝላዩን -400 ግን አታባዛም። ካባዛኸው 6.7 ገደማ ብቻ ይቀርና ልጁ ከመሬት ንቅንቅ አይልም። ከፍታው ካነሰህ -550 አድርገህ ሞክር።

ጣና ዳር
የጮቄ ልጅ ስለ ቁልፉና ስለ መሬቱ ያለው ልክ ነው። ቁጥሩን በግምት ከፍ ማድረጉን ግን አልደግፍም፤ መንሳፈፉን የሚያመጣው እሱ ነውና። አስላው። የዝላይ ከፍታ ማለት የፍጥነቱ ስኩዌር ለስበቱ እጥፍ ሲካፈል ነው። 400 ሲባዛ በ400፣ ለ1960 ሲካፈል 81.6 ፒክሰል ይሆናል። አንድ ድንጋይ (64) ያልፋል፣ ሁለት ድንጋይ (128) አያልፍም። -600 ስታደርገው 184 ፒክሰል ገደማ ይወጣል፣ ግን 1.2 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል። ላባ የመሰለህ ለዚህ ነው። ፍጥነቱ ጨምሮ ስበቱ ባለበት ቀርቷል።
ከወዲያኛው በኩል ጀምር። መጀመሪያ ስንት ፒክሰል መውጣት እንዳለበት፣ ቀጥሎ በስንት ሰከንድ ጫፍ መድረስ እንዳለበት ወስን። ሁለት ድንጋይ ላይ 16 ፒክሰል ትርፍ ጨምርና ከፍታው 144 ይሁን፤ ጊዜው 0.4 ሰከንድ። ስበቱ የከፍታው እጥፍ ለጊዜው ስኩዌር ሲካፈል ነው፤ 288 ለ0.16፣ ማለትም 1800። ፍጥነቱ የከፍታው እጥፍ ለጊዜው ሲካፈል ነው፤ 288 ለ0.4፣ ማለትም 720። ስክሪን ላይ ዋይ የሚያድገው ወደ ታች ስለሆነ -720 ብለህ ጻፈው።
በዚህ ላይ የዋይ ፍጥነት ከዜሮ ሲበልጥ፣ ማለትም ልጁ መውረድ ሲጀምር፣ ስበቱን በ1.6 አባዛው። መውረጃው ከ0.4 ወደ 0.32 ሰከንድ ያጥርና ልጁ ክብደት ያለው ይመስላል። በአግድም በሰከንድ 300 ፒክሰል የሚሄድ ከሆነ በ0.72 ሰከንድ 215 ፒክሰል ገደማ ያቋርጣል። በእርከኖቹ መካከል ከ3 ድንጋይ የሰፋ ገደል አትተው።

ጀማሪው፣ ደብረ ማርቆስ
እግዜር ይስጥልኝ፣ 1800 እና -720 ልክ መጡ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው። ሮጬ ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ስፔስ ብጫንም አንዳንዴ ሳይዘል ይወድቃል። ሲያርፍም ትንሽ ቀደም ብዬ ከተጫንኩ አይሰማም።

እታለም፣ ሞጣ
ወንድምዓለም፣ ኮዱ አልተሳሳተም፤ የሰው እጅ ነው በጥቂት ፍሬም የሚዘገየው ወይም የሚቀድመው። ሁለት ቫሪያብል (ቁጥር መያዣ) ያዝ። የመጀመሪያውን «ምሕረት» በለው፤ ልጁ መሬት ላይ ባለ ቁጥር 0.1 ይሁን፣ አየር ላይ ሲሆን ዴልታ ይቀነስለት። ሁለተኛውን «ትእዛዝ» በለው፤ ስፔስ በተጫነ ጊዜ 0.1 ይሁን፣ ከዚያ እሱም በየፍሬሙ ዴልታ ይቀነስለት። የዝላዩ ጥያቄ «ምሕረትም ትእዛዝም ከዜሮ ይበልጣሉ ወይ?» ይሁን። 0.1 ሰከንድ 6 ፍሬም ነው፤ ተጫዋቹ ልዩነቱን አያየውም፣ መዝለሉን ብቻ ያያል።
በዘለለበት ቅጽበት ሁለቱንም ዜሮ አድርጋቸው። ይህን የዘነጋ ሰው ስፔስን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሲጫን ልጁ አየር ላይ ይደግማል፤ ስህተቱም አልፎ አልፎ ስለሚታይ ለማግኘት ያደክማል።
አፋፉ ላይ አሁንም እምቢ ካለህ ቅርጹን እይ። ኮሊዥኑ (ንክኪ የሚለካበት ቅርጽ) ካፕሱል ከሆነ ታችኛው ዙሪያው ክብ ነውና የድንጋዩን ማዕዘን በጎኑ ይነካዋል። የወለሉ ማክሲመም አንግል 45 ዲግሪ ስለሆነ ጎዶት ከዚያ ይበልጥ ያጋደለውን ንክኪ መሬት አይለውም፣ ልጁም እግሩ ድንጋይ ላይ እያለ ይንሸራተታል። ሬክታንግል (አራት ማዕዘን) አድርገው። ዲበግ ከሚለው ሜኑ ቪዚብል ኮሊዥን ሼፕስን አብራና አፋፉ ላይ አቁመህ እየው።

የጮቄ ልጅ
የጣና ዳር ስሌት ከእኔ ግምት ይሻላል፣ እሱን ያዝ። አንድ ልጨምር፦ ስፔስ በተለቀቀበት ቅጽበት ልጁ ገና እየወጣ ከሆነ የዋይ ፍጥነቱን በ0.5 አባዛው። ነካ ሲደረግ አጭር፣ ሲያዝ ረጅም ይዘልልሃል፤ ዝቅ ያለ ዋሻ ውስጥ ትፈልገዋለህ። ኢዝ አክሽን ጀስት ሪሊዝድ (ቁልፉ አሁን ተለቀቀ ወይ የሚለው) መሆኑን ብቻ አደራ። «ካልተያዘ» ብለህ ከጻፍከው በየፍሬሙ ይገመስና ልጁ አየር ላይ ቀጥ ይላል።