የ15 ዓመት ልጄ አስቲግማቲዝም በአንድ ዓመት ብቻ በጣም ጨመረ፤ መነጽር፣ ሌንስ ወይስ ሌዘር?

የልጁ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። አስቲግማቲዝም አለበት፤ የዓይኑ የፊት ሽፋን ክብነቱ እኩል ስላልሆነ እይታው ይዛባል። አምና የመነጽር ማዘዣው ላይ መጠኑን የሚያሳየው ሲሊንደር የሚለው ቁጥር ቀኙ 1.50፣ ግራው 1.75 ነበር። ዘንድሮ ቀኙ 2.00፣ ግራው 3.75 ሆነ። አዲሱን መነጽር አድርጎም በግራ ዓይኑ ሰሌዳው አይጠራለትም፤ ፊደሉ ጥላ አለው ይላል። ማታ የመኪና መብራት ይበተንበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ የዓይን አለርጂ አለበት፤ ሲያሳክከው በእጁ ጀርባ እያሸ ነው የሚውለው። ሰዉ የሚለኝ የተለያየ ነው። "መነጽሩ ነው ዓይኑን ያሰነፈው፣ አስወልቂው" የሚል አለ። "ሌዘር አሠሪለትና ተገላገይ" የሚልም አለ። ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ።

የዓይን ምርመራ ባለሙያ፦
እህቴ፣ መነጽር ይሻላል ወይስ ሌንስ ከማለትሽ በፊት ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ መታወቅ አለበት። ተራ አስቲግማቲዝም በዚህ ዕድሜ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። በአንድ ዓመት በአንድ ዓይን ብቻ ይህን ያህል ሲዘል፣ በመነጽርም ሳይስተካከል ሲቀር፣ ላዩ ላይ አለርጂና ማሸት ሲጨመር፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኬራቶኮነስን ነው። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት ሽፋን እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት ይሾላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላነት ነው፤ ዕድሜው ባነሰ መጠን የመፍጠን ዕድሉ ይጨምራል። አለበት ማለቴ አይደለም፣ ግን ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

የሚለየው የኮርኒያ ቶፖግራፊ በሚባል ምርመራ ነው። የኮርኒያን ቅርጽ እንደ ካርታ በቀለም ያወጣል፣ አንዳንዱ መሣሪያ ውፍረቱንም ይለካል። አያምም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። መነጽር ቤት ያለው የኮምፒውተር ምርመራ ይህን አይተካም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል፣ ሰሜን ከሆናችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ጀምሩ። መሣሪያው በዚያ ሰሞን እየሠራ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። የድሮ ማዘዣዎቹን በሙሉ ያዢ፤ ሐኪሙ የለውጡን ፍጥነት የሚያየው ከእነሱ ነው።

መነጽሩን ግን እንዳታስወልቂው። መነጽር ዓይን አያሰንፍም። ሌዘሩን ደግሞ እርሺው። ላሲክ የሚባለው የሌዘር ሕክምና ከ18 ዓመት በታች አይሠራም፤ ከ18 በላይም ቢሆን ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል መርጋት አለበት። ኬራቶኮነስ ካለ ደግሞ የሳሳውን ኮርኒያ ይበልጥ ያሳሳዋል፣ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ኬራቶኮነስ ያለበት ወጣት፦
እናቴ፣ ያ የፊደል ጥላ በደንብ ይገባኛል፤ እኔም በዚያው ዕድሜ ነው የጀመረኝ። መነጽር ቢቀያየርልኝም ምንም አልነበረም። አሁን ጠንካራውን ኮንታክት ሌንስ ነው የማደርገው። ለስላሳው ሌንስ የኮርኒያውን ቅርጽ ይዞ ስለሚተኛ ለእኔ አልጠቀመም። ጠንካራው ግን የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል፣ በመሃል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል፣ እይታው ይጠራል። መጀመሪያ ሰሞን አሸዋ የገባ ነው የሚመስለው፣ ቀስ በቀስ ይለመዳል። ጭራሽ ካልተለመደለት ስክሌራል የሚባል ሰፊ ሌንስ አለ፣ ነጩ ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ አደራ፦ ሌንስ ውሃ አይነካውም። የቧንቧም የታሸገም ውሃ ቢሆን። ሲታጠብ፣ ሲዋኝ፣ ጠበል ሲጠመቅ አውልቆ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ተሕዋስ ኮርኒያ ላይ ከባድ ቁስል ያመጣል። አድርጎት እንዳይተኛም።

መነጽር ሠሪ፦
ሐኪም ማየቱ እንዳለ ሆኖ፣ ፍሬሙንም እዪው። አስቲግማቲዝም ያለው ሌንስ አክሲስ የሚባል አቅጣጫ አለው። አቅጣጫው በ30 ዲግሪ ከዞረ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲዞርም እይታው ይደበዝዛል። ልጆች መነጽሩን በአንድ እጅ ስለሚያወልቁ ፍሬሙ ይጣመማል። የገዛችሁበት ቤት ወስዳችሁ ከማዘዣው ጋር አስመሳክሩት። አዲስ መነጽር ላይ ወለሉ ዘመም ማለቱ ግን ለጥቂት ቀናት ያለ ነው።

እናት ከቨርጂኒያ፦
የእኔዋ ልጅ እዚህ ክሮስሊንኪንግ ተሠርቶላታል። ዓይን ላይ ቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ይደረግና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያው ይጠነክራል። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2016 ነው የተፈቀደው። ቀድሜ ልንገርሽ እህቴ፣ እይታ ለማጥራት አይደለም፤ በሽታው እንዳይብስ ለማቆም ነው። ከዚያ በኋላም መነጽር ወይም ሌንስ ያስፈልጋታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ከባድ ነበር፣ መጋረጃ ዘግተን ነው የተኛችው። እይታዋም ለሳምንታት ጭጋግ ነበረው። ስለዚህ የፈተና ሰሞን እንዳይሆን ቀጠሮውን አስቢበት። ኢንሹራንሱ መባሱን የሚያሳዩ የቀድሞ ውጤቶች ስለጠየቀን የድሮ ወረቀት ያዢ የተባለውን ስሚ።

የልጁ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለቶፖግራፊው ነገ እደውላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለማሳከኩ ፋርማሲ የሰጡንን ዴክሳሜታዞን ጠብታ ሲብስበት አደርግለታለሁ። ቶሎ ነው የሚያስታግስለት። ችግር አለው?

የዓይን ምርመራ ባለሙያ፦
አዎ፣ አለው። ስቴሮይድ የሚባል፣ መቆጣትን የሚያስታግስ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ሲደጋገም የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል፣ ልጆችም ላይ ጭምር። የግፊቱን መጨመር ደግሞ ልጁ አይሰማውም። በራስሽ አትድገሚው። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመ ለሐኪሙ ንገሪው፣ የዓይን ግፊቱንም ይለኩለት። ለአለርጂው ለረጅም ጊዜ የሚደረጉ ስቴሮይድ ያልሆኑ ጠብታዎች ስላሉ እነሱን እንዲያዝለት ጠይቂ። እስከዚያ ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይኑ ላይ አድርጊለት። ማሸቱን ዛሬውኑ ያቁም። ሌሊት ተኝቶም ያሽ እንደሆነ ተከታተይው፤ በደረቱ ተኝቶ ዓይኑን ትራስ ላይ የሚጫንም ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።