ታክሲ ላይ መልስ የማይሳሳት ልጅ ፈተና ላይ ለምን ይሳሳታል?

የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ። እዚህ አስተማሪም ወላጅም ስለማይጠፋ ላማክራችሁ።

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 61 ልጆች አሉ። ግማሾቹ ከኮንዶሚኒየሙ ይመጣሉ። የቀሩት ከማዶ ናቸው፤ መረሬው ላይ አሁንም ጤፍና ሽንብራ ከሚዘራበት። እሸት ሲደርስ ሽንብራውን በደብተር ቦርሳቸው ይዘው ይገባሉ፤ ወለሉ ቅርፊት በቅርፊት ይሆናል።

ከመካከላቸው አንዱ 13 ዓመቱ ነው። ከገጠር መጥቶ አጎቱ ጋ ነው የሚኖረው፣ ትምህርት የጀመረውም ዘግይቶ ነው። ከኋላ መስኮቱ ጥግ ይቀመጣል። አይረብሽም። እጁንም አያወጣም።

ጥቅምት ላይ ፈተና ሰጠሁ። ከ20 አራት አመጣ። አንዱ ጥያቄ 200 ሲቀነስ 55 ነበር። ቁጥሮቹን ላይና ታች ደርድሮ 255 ብሎ ጻፈ። እንዴት እንዳመጣው ግልጽ ነው። ከዜሮ ላይ አምስት አልነሳ ሲለው ገልብጦ ከአምስት ላይ ዜሮ ቀነሰ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ 2ን አወረደ። መበደር አልገባውም ብዬ በቀይ ሰረዝኩና አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቃሊቲ ለመሄድ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ እሱ ነው! የአጎቱ መኪና ናት። ሲያየኝ ድንግጥ አለ፣ ግን ወዲያው "ሒሳብ ወጣ ወጣ አርጉ" ማለቱን ቀጠለ። ከኋላ አንድ ሰውዬ 200 ብር ዘረጉ። "የሦስት ሰው ውሰድ። ሁለታችን መጨረሻ ነን፣ እሷ መሀል ላይ ትወርዳለች።" ያን ቀን ሙሉው መንገድ 20፣ መሀል ላይ ለሚወርድ 15 ብር ነበር። ልጁ እጁ ላይ ያለውን ብር ገለጥ ገለጥ አደረገና ዝርዝር አጣ። "ጋሼ፣ አምስት ብር ይኖርዎታል?" አለ። ሰጡት። 150 ብር ቆጥሮ አቀበላቸውና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሠራሁት። 20 እና 20 እና 15፣ 55። ከ200 ላይ ሲነሳ 145። አምስት ሲጨመር 150። ልክ ነው። እኔ እስክጨርስ እሱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀብሏል።

200 ሲቀነስ 55 እኮ ነው! ያው የፈተናው ጥያቄ። ቃሉ እንኳን አንድ ነው፤ ታክሲ ላይም መልስ፣ ፈተና ላይም መልስ። 200 ብር ተቀብሎ 255 መልስ የሚሰጥ ረዳት አይቼ አላውቅም። ታዲያ ደብተሩ ላይ ሲጽፈው ለምን አልከነከነውም?

እኔ የገባኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው 200 ለእሱ ምንም አይደለም። ብር አይደለም፣ ሰው አይደለም፣ መንገድ አይደለም። ክፍል ሲገባ ያን ስል ጭንቅላቱን በር ላይ አስቀምጦት ነው የሚገባው። አስቀምጠው ያልነውም እኛ ነን።

ነገሩን ለአጎቱ ሚስት አነሳሁባቸው። የታክሲውን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት አስቤያለሁ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ቲቸር፣ እኛ እኮ የምናስተምረው ከታክሲ እንዲወጣ ነው። እርስዎ ታክሲውን ክፍል ሊያስገቡት ነው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የሞከራችሁ አላችሁ? ልጁን ሳላሳፍር፣ ቤተሰቡን ሳላስቀይም፣ ዓመታዊ ዕቅዴንም ሳልጥል እንዴት ላድርገው?

የቀድሞ ረዳት፣ አሁን የመጋዘን ሒሳብ ያዥ፣ አቃቂ፦

ቲቸር፣ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሳሪስ ቃሊቲ መስመር ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ክፍል ውስጥ "እሱ እኮ ረዳት ነው" ብለው እንዳይናገሩ። ለማመስገን ብለው እንኳን ቢሆን። 7ኛ ክፍል እያለሁ ጥያቄ አልመልስ ስል አስተማሪዬ "አንተ ወያላ" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ 8ኛን እስክጨርስ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ሰው ረዳትና ወያላ አንድ ነው ይላል። ለሚጠራበት ልጅ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ለብቻው ያናግሩት።

ሌላው፣ ረዳት አይቀንስም። ይሞላል። ሒሳቡ 55 ከሆነ 5 ብዬ 60 አደርሰዋለሁ፣ 40 ብዬ 100፣ ከዚያ ሌላ መቶ። 145። መበደር የሚባል ነገር የለም። እኔ ይሄ የተማረ ሰው ሒሳብ አይመስለኝም ነበር፤ የመንገድ ብልጠት ነበር የሚመስለኝ። ማታ አካውንቲንግ ስማር ነው መምህሩ ቁጥር እየሞሉ መሄድም አንዱ የመቀነሻ መንገድ ነው ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈው። ያን ቀን አልቅሻለሁ ብልዎት ይመኑኝ። በ13 ዓመቴ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ።

የሁለት ልጆች አባት፣ የካ አባዶ፦

መምህርት፣ ቅንነትዎን አከብራለሁ። ግን የልጁ አሳዳጊ ያሉት ትልቅ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ያ ፈተና የታክሲ መልስ አይጠይቅም። ገንዘብ ያለው ሰው ልጅ በግል ትምህርት ቤት ክፍልፋዩንና አልጀብራውን በሥርዓት እየተማረ፣ የእኛ ልጅ እዚያው ስለሚያውቀው ስለ ጉሊትና ስለ ታክሲ ይማር? ይሄ ልጁን ባለበት ማስቀመጥ ነው። ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም። ግን ውጤቱ ያው ነው።

ደግሞም 13 ዓመቱ ነው። አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቀጥሮ ማሠራት ይከለክላል። የአጎት መኪና ነው ቢባልም የትምህርት ሰዓቱን እየበላበት ከሆነ ቅድሚያ መነጋገር ያለባችሁ ስለሱ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የመምህራን ኮሌጅ አስተማሪ፣ ለገጣፎ፦

ልጄ፣ አንቺ ያየሽውን ነገር ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በምትባል ከተማ ያጠኑት ሰዎች አሉ። ጥናቱ የታተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን እንደ ገዢ ሆነው ሒሳብ ጠየቋቸው። አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ኮኮናት ይሸጣል። አንዱ 35 ነው። አራት ስጠኝ አሉት። "105፣ ሲደመር 30፣ 135" እያለ ሄዶ 140 አለ። የሦስቱን ዋጋ በቃሉ ያውቀዋል፣ አንድ ነው የጨመረበት። በኋላ ወረቀት ሰጥተው 35 ሲባዛ በ4 ሲሉት 200 ብሎ ጻፈ። አራት አምስት 20፣ ሁለት በእጄ። የያዛትን ሁለት ከሦስቱ ጋር ቀድሞ ደመራትና አምስቱን በአራት አባዛ። ያንቺ ልጅ ስህተት ወንድም ነው።

የአምስቱ ልጆች ውጤት ሲደመር ገበያ ላይ ከ100 ወደ 98 ልክ፣ ባዶ ቁጥር ወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ወደ 37። ግን ጥያቄው በታሪክ መልክ ሲቀርብላቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ይህን ገዛ ተብሎ፣ ወደ 74 ወጣ። የየካ አባዶው አባት፣ ይህችን ሦስተኛ ቁጥር ልብ በልልኝ። ከገበያ ወደ ወረቀት የሚያሻግር ድልድይ አለ ማለት ነው። መምህርቷ የምትጠይቀውም ልጁ ታክሲው ላይ ይቅር አይደለም፤ በዚያ ድልድይ ላሻግረው ነው።

አንዲት ነገር ልጨምር። ክፍልፋይ ስታስተምሪ "አንድ ሦስተኛ" ብለሽ አትጀምሪ። ከማዶ ያሉት ልጆችሽ ቤት ውስጥ ሲሶ ሲባል ሰምተዋል። የእኩል፣ የሲሶ፣ የእርቦ ማሳ ያውቃሉ፤ አዝመራው ሲገባ ማን ስንት እጅ እንደሚወስድ ሲከራከሩ ያድራሉ። "ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ" በያቸውና "ለሌላ ሰው የተረፈ አለ?" ብለሽ ጠይቂ። ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ይነግሩሻል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በቁጥር ጻፊው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቂጣ ስንት ዓመት አስቆረስናቸው!

የአማርኛ መምህር፣ ጀሞ፦

ሒሳብ ላይ አልገባም። ግን 8ኛ ክፍል ላይ ድርሰት እምቢ ያለኝ ልጅ ነበር፣ ሁለት መስመር ጽፎ የሚያቆም። ሻይ ሰዓት ላይ አርሴናል ይበልጣል ወይስ ማንቸስተር ሲቲ ብለው ሲጨቃጨቁ ሰማሁት። አርሴናል በ2003/04 እ.ኤ.አ. 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ፣ 26 አሸንፎ 12 አቻ። ጓደኛው ደግሞ ሲቲ በ2017/18 100 ነጥብ አመጣ፣ የናንተ 90 ነው አለው። ማስረጃ፣ ተቃውሞ፣ የተቃውሞ መልስ። ሁሉም ነገር አለው! ጻፈው አልኩት። አንድ ግዴታ ብቻ ሰጠሁት፤ የጓደኛህን ሐሳብ እሱ ራሱ "አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው" እስኪል ድረስ በደንብ ጻፍልኝ። ሦስት ገጽ አመጣ። ፊደሉ ግድፈት በግድፈት ነው፣ አብረን አረምነው። ቀጥሎ ስለ ውሃ ፈረቃ አስጻፍኩት። ኳሱ መግቢያ በር ነበር እንጂ እዚያ አላስቀመጥኩትም።

የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወር ሊሞላው ነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጁን ለብቻው አናገርኩት። ያን 150 ብር እንዴት እንዳወጣው ጠየቅኩት። መጀመሪያ የምቆጣው መስሎት ዝም አለ። ቆይቶ "55 ነበር። አምስቱን ሲሰጡኝ 50 ቀረኝ። ከ200 ላይ 50፣ 150" አለ። 145ን አላሰበውም! እኔ ሁለት ጊዜ የሠራሁትን እሱ ሒሳቡን ራሱን አቅልሎ በአንዴ ጨረሰው። ከየት ተማርከው ስለው "ዝርዝር ሲጠፋ እንደዚህ ነው" አለኝ።

ክፍል ውስጥ ታክሲ የሚል ቃል አላነሳሁም። ሁሉም ልጅ ከቤቱ አንድ ሒሳብ ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ፤ እናት ወይ አባት ወይ ጎረቤት የሚሠሩትን። ያመጡትን ብታዩ። አንዷ እናቷ እንጀራ ይሸጣሉ፤ "ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ" ብላ መጣች። ከስንት ስንቱ ጤፍ ነው ስላት "ሩብ ጎደል" አለች፣ ሦስት አራተኛ ማለት መሆኑን ሳታውቅ። ሌላው የእናቱን ዕቁብ አመጣ፣ ግማሽ ዕጣ ከጎረቤት ጋር። የሲሶውንም ሞከርኩት። ክፍሉ ተንጫጫ፣ ዳይሬክተሩ ምን ሆኑ ብለው መጡ።

አባት ያሉትን አልዘነጋሁም። ያመጡት ሒሳብ ሁሉ ከታች በመጽሐፉ መንገድ እንደገና ይሠራል። ሁለቱ ካልገጠሙ አንዱ ስህተት ነው ማለት ነው፣ የቱ እንደሆነ ልጁ ይፈልጋል። ይሄ ጊዜ ይበላል። ከዕቅዴ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ ያንን በሌላ ርዕስ ላይ ማካካስ አለብኝ።

ከአጎቱና ከሚስቱ ጋር ስለ ሥራውም ተነጋገርን። ከሰኞ እስከ ዓርብ መኪና ላይ እንዳይወጣ ተስማምተዋል። ቅዳሜን ግን እምቢ አሉ፣ ገና አልጨረስንም።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ፈተና ሰጠሁ። ከ20 አሥራ አንድ አመጣ። አንዱ ጥያቄ 300 ሲቀነስ 85 ነበር። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። መጀመሪያ 385 ብሎ ጽፏል፣ ያው የድሮው ስህተት። ከዚያ በላጲስ አጥፍቶታል፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ። ከጎኑ በትንንሹ 5፣ 10፣ 200 ብሎ ጽፏል። ከታች 215።

ወረቀቱን ስመልስለት ይህን ለምን አጠፋኸው አልኩት። የጠፋውን ቦታ በጣቱ ነካ አደረገው።

"ከሰጡኝ የሚበልጥ መልስ የለም እኮ፣ ቲቸር።"