አንደርሰን ሼፐርድን ለምን አመናት?

ማስ ኢፌክት የተባለውን የጠፈር ጌም ከመጀመሪያው ክፍል እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሼፐርድን ሁሌ ሴት አድርጌ ነው የምጫወተው፤ ስለዚህ «እሷ» እላለሁ። በዚህኛው ዙር አንድ ነገር ከነከነኝ።

ኤደን ፕራይም በምትባል ፕላኔት ላይ ቢኮኑ፣ ማለትም የጥንት ሥልጣኔ ትቶት ያለፈው መሣሪያ፣ አየር ላይ አንጠልጥሎ ይይዛትና ራዕይ ያሳያታል። ከ15 ሰዓት በኋላ መርከቡ ክሊኒክ ውስጥ ትነቃለች። ማሽኖች ሰው ሲጨፈጭፉ እንዳየች ለአለቃዋ ለካፒቴን አንደርሰን ትነግረዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ራሷ እንኳ ጋላክሲውን ለሚመራው ምክር ቤት ምን እንበል፣ ቃዠሁ ልበል? ትላለች። እሱ ግን ሳያቅማማ ወደ ምክር ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

እኔ እኮ በስክሪን አይቼዋለሁ፤ ሥጋና ሽቦ ተቀላቅሎ ብልጭ ድርግም ሲል። እሱ ምንም አላየም። ያለፈኝ ነገር አለ?

ፈጣን ጣት፦
ጌም ነው ባክህ። አለቃው ካላመነ ሚሽን የለም።

የሌሊት ፈረቃ፦
እንዲያ ቀላል አይደለም። ቅደም ተከተሉን እይ። አንደርሰን ስለ ራዕዩ ከመስማቱ በፊት ኤደን ፕራይምን ያጠቃውን የሳረንን ስም ሰምቷል። ሳረንን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ድሮ አንደርሰን ራሱ ለስፔክተርነት፣ ማለትም ለምክር ቤቱ ልዩ ወኪልነት፣ ታጭቶ ከሳረን ጋር አብረው ተልከው ነበር። ሳረን ፋብሪካውን አፈነዳ፣ ብዙ ሲቪል አለቀ፣ ጥፋቱን አንደርሰን ላይ ላከከ። ስለዚህ ሼፐርድ ስትናገር ሰውዬው ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል።

ደግሞ ከሕልሟ የወሰደውን ልብ በል። «ማሽኖች ሊመጡ ነው» አላለም። ቢኮኑ ውስጥ የሆነ መረጃ ነበር፣ ሳረን ወስዶታል ነው ያለው።

እኔ የፓምፕ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አዲስ እያለሁ አንድ ሌሊት የአንዱ ፓምፕ ድምፅ አላማረኝም። ጌጁ ላይ ሁሉም ሰላም ነው። ሁለት ሰው ሳቀብኝ። ሽማግሌው አለቃዬ ግን መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና «አጥፋው» አለኝ። ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቷል። በኋላ ነው የነገረኝ፤ ያው ፓምፕ ከዓመታት በፊት እሱ ላይ ነድዶበት ነበር። የኔ ጆሮ ጎበዝ ስለሆነ እንዳይመስልህ።

ጠበቃው፦
ምክር ቤቱን ግን አትርገሙት። በእጃቸው ያለው አንድ የደነገጠ የወደብ ሠራተኛና አንድ ሕልም ነው። ሳረን ራሱ ሕልም ማስረጃ ሆነ ወይ ብሎ ሲያላግጥ፣ እውነት ለመናገር ልክ ነበር። ታሊ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ ሳረንን የሚያጋልጠውን የድምፅ ቅጂ ስታመጣ ወዲያው ፈረዱበት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ያ ተሪያኑ (የሳረን ዘር) የምክር ቤት አባል በራዕዩ የታዩትን ማሽኖች «ሪፐሮች» ሲል በጣቶቹ የጥቅስ ምልክት የሚሠራው ነው ይቅር የማልለው።

ፈጣን ጣት፦
እሺ፣ አንድ ልጨምር። አንደርሰን በነፃ አላመነም። መርከቡን ኖርማንዲን ለሼፐርድ አስረክቧል። ኋላም መርከቧ ስትታገድ ወደ ሰዎች አምባሳደር ወደ ኡዲና ቢሮ እንዲሄድ ከመረጥክ በቡጢ ይለዋል። ለዚያች ቡጢ ስል ሁሌ እሱን ነው የምመርጠው።

ጠያቂው፦
የሌሊት ፈረቃ፣ ሴቭ ወዳደረግኩበት ተመለስኩ። ከምክር ቤቱ ችሎት በኋላ አንደርሰንን ስለ ሳረን ስጠይቀው እዚህ አይወራም ብሎ አለፈኝ። መርከቡን ሲያስረክባት ግን ዘረገፈው። ለካ እስከዛሬ ያቺን ወሬ እያስቆረጥኩ ቶሎ ወደ መርከቡ ስገባ ኖሬያለሁ።