በሽግግር ኢኮኖሚዎች የግብርና ማሻሻያ የውጭ አማካሪዎች የጠቀሙት የት ላይ ነው?

ጥያቄ
የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የጋራ እርሻዎችን አፍርሰው ወደ ግል ይዞታ ሲሸጋገሩ ስላገኙት ቴክኒካዊ ድጋፍ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 ፋሬ የተባለውን፣ በ1991 ደግሞ ታሲስ የተባለውን ፕሮግራም ከጀመረ በኋላ፣ በእርሱም ሆነ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች የተቀጠሩ አማካሪ ድርጅቶች በየግብርና ሚኒስቴሩ ተሰማርተው ነበር። ይሁን እንጂ በአንዱ ቦታ ሥር የሰደደ አሠራር ትተው ሲሄዱ በሌላው የቀረው ከመደርደሪያ ያልወረደ ሪፖርት ብቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የባለሙያዎቹ ብቃት ነው ወይስ የተሰጣቸው ቢጋር (የሥራቸውን ዓላማና ወሰን የሚወስነው ሰነድ)?

መልስ 1
እኔ የማደላው ለቢጋሩ ነው፤ የሩሲያዋ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1991 መጨረሻ በወጣው ድንጋጌ የጋራ እርሻዎች እንደገና እንዲመዘገቡ ቢታዘዝም፣ አብዛኞቹ ስማቸውን ብቻ ለውጠው በነበሩበት ቀጠሉ። አባላቱ የመሬትና የንብረት ድርሻ አላችሁ ቢባሉም፣ ድርሻቸው የትኛው ማሳ ወይም የትኛው ትራክተር እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከ1993 ጀምሮ በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ በክልሉ ያካሄደው ሥራ ያተኮረው በዚሁ ጠባብ ክፍተት ላይ ነው። አማካሪዎቹ ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ጥቂት እርሻዎች ውስጥ ገብተው የባለድርሻዎችን ዝርዝር አጣሩ፤ የድርሻ ምስክር ወረቀት እንዲታደል አደረጉ፤ ከዚያም ባለድርሻዎች ተሰባስበው ድርሻቸውን እንደ ገንዘብ እያቀረቡ በውስጥ ጨረታ የተወሰነ መሬትና መሣሪያ የሚረከቡበትን ሥርዓት አበጁ። ስለ ገበያ ኢኮኖሚ ጥቅም ከተጻፈ ወፍራም ሰነድ ይልቅ ይህ እጅግ የሚበልጥ ይመስለኛል። ሆኖም የወቅቱ አገረ ገዥ ቦሪስ ኔምትሶቭ የሰጡትን ዓይነት ድጋፍ ባላገኘባቸው ክልሎች አሠራሩ እምብዛም አልተስፋፋም።

መልስ 2
የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ነገር የያዘች ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቢጋር ዋጋ የሚኖረው ፖለቲካዊ ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ነው። ቬትናም በ1988 በውሳኔ ቁጥር 10 የእርሻ ሥራውን ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደ ገበሬ ቤተሰቦች ስታዛውር የዓለም ባንክ ብድር ገና አልተመለሰላትም ነበር፤ የተመለሰው በ1993 ነው። ሩዝ በብዛት ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው ግን በ1989 ነው። በተቃራኒው ዩክሬን የእርሻ መሬት ሽያጭን ከ2001 እስከ 2021 አግዳ ስለቆየች፣ የመሬት ምዝገባን ለማዘመን የተሰጠው ምክር ሁሉ ምንም ያህል ቢያምር መሬቱን ወደ ገበያ ሊያወጣው አልቻለም።

ጠያቂው
ሁለቱም ሐሳቦች ጠቅመውኛል። ውሳኔው አለ እንበል፤ ታዲያ አማካሪው ሲሄድ ሥራው የሚቀጥለው በምን ምክንያት ነው?

መልስ 3
የአገሬው ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ከያዘው ነው። በኪርጊስታን በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክና በስዊዘርላንድ ድጋፍ የተቋቋመው የገጠር ምክር አገልግሎት የአገሪቱን የግብርና ባለሙያዎች በየክልሉ አሰማርቶ ነበር፤ የውጭ ሰዎች ድርሻ እነርሱን ማሠልጠን ነበር። ማንም ሊዘነጋው የማይገባው ጉዳይ፣ ኮልኮዙ (የሶቭየት ዘመኑ የጋራ እርሻ) ሲፈርስ መሬት የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ የትራክተር ነጂ ወይም የላም አላቢ እንጂ እርሻን በሙሉ የመራ ገበሬ አለመሆኑ ነው። ዘር መቼ እንደሚገዛ፣ ብድር እንዴት እንደሚመለስ፣ ከጎረቤት ጋር የመስኖ ውኃ በምን ሥርዓት እንደሚካፈል አጠገቡ ሆኖ የሚያስረዳው ያስፈልገው ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ1998 ለእጩ አገሮች ያስጀመረው የመንትዮሽ አሠራር፣ በኮንትራት አማካሪ ምትክ ከአባል አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከአቻው ጎን ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ያደረገ ነው። ለጽሑፍህ ፕሮጀክቶችን ስታነጻጽር ከማጠቃለያ ሪፖርቱ ይልቅ ፕሮጀክቱ በተዘጋ ማግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ ማን እንደከፈለ ፈልግ።