ኦሪገን ውስጥ ፋርማሲስቱ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሰጣል፤ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ቢሞከርስ?

ባንኮኒ ፒያሳ፦
የአሜሪካዋ ኦሪገን ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ሴቶች ሐኪም ጋ ሳይሄዱ ኪኒንና ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን) ከፋርማሲስት እንዲወስዱ ፈቅዳለች። በተግባር ባንኮኒው ላይ ምን ያደርጋሉ? ከጥቁር አንበሳ እስከ ስታዲየም ባሉት መድኃኒት ቤቶች ቢጀመር የቱ ጋ ይበላሻል?

ለገሃር ፋርማሲስት፦
ማዘዣው አልቀረም፤ የሚጽፈው ፋርማሲስቱ ሆነ እንጂ። ስለዚህ ተጠያቂውም እሱ ነው። መጀመሪያ መጠይቅ ታስሞላለህ፦ ከወለደች ስንት ሳምንት ሆናት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶ ያውቃል ወይ፣ ራስ ምታቷ ሊነሣ ሲል ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ወይ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ታጨሳለች ወይ። ከዚያ ግፊት ትለካለህ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን አትሰጥም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካታለህ።

የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። የቸርችልን ዳገት ወጥታ የመጣችን ሴት በቁሟ፣ በሹራቧ ላይ አስረህ ብትለካ ቁጥሩ አይታመንም። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ትረፍ፣ ክንዷ ይራቆት፣ በልብ ከፍታ ይደገፍ። ቡና ከጠጣች 30 ደቂቃ ትቆይ። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ማሰሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ አንድ ማሰሪያ ብቻ ይዞ መጀመር አይገባም።

ሐኪም ማሞ ሰፈር፦
ለእኛ አገር አንድ ጥያቄ ከላይ መግባት አለበት፦ «የቲቢ መድኃኒት እየወሰድሽ ነው?» ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ኪኒኑ ሊከሽፍ ይችላል። በመርፌ የሚሰጠውን ዴፖን ግን አይነካውም። ድንገተኛው መከላከያ ፖስትፒልም ላይ ያው ነው፦ 1.5 ሚሊ ግራም፣ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ይደገማል። ሪፋምፒሲን ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪሬንዝ ላይ ካለች እስከ 5 ቀን ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ይመረጣል፤ እሱ ካልተገኘ የእንግሊዝ መመሪያ እጥፍ፣ 3 ሚሊ ግራም ይላል።

ባንኮኒ ፒያሳ፦
አመሰግናለሁ ዶክተር። ግን ሰው ተሰልፎ እየሰማ «ታጨሻለሽ ወይ» ብላት እውነቱን የምትነግረኝ ይመስላችኋል?

ለገሃር ፋርማሲስት፦
አትነግርህም። መጠይቁን በወረቀት ስጣት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሙላው። ማንበብ ካልቻለች ወደ ውስጥ ክፍል አስገባት፤ ክፍል ከሌለ ባይጀመር ይሻላል። ቅጂውን አስቀር፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትመጣው ሌላ ተረኛ ሲኖር ነው። ደግሞ ይህን ሰምቶ አሞክሲሲሊን በስትሪፕ ቆርጦ መሸጥ ተፈቀደ የሚል እንዳይኖር፤ የኦሪገኑ ሕግ አንቲባዮቲክን አይነካም።