ሳልዱላን በአማርኛ ማን እንበላት?

ከፒያሳ፦ ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። ስለ ነፍሳት አመዳደብ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። ሳልዱላ የምትባለውን «የባሕር ዳር ትኋን» ብዬ ለባልደረባዬ ባስነብበው «የትኛው ሆቴል?» አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ከካዛንቺስ፦ ሃሃ፣ እውነቱን ነው! ትኋን ሲባል ፍራሽ ነው የሚታየን። ይቺ ግን ጭቃ ላይ እየተስፈነጠረች ትናንሽ ነፍሳት እያደነች የምትበላ ናት። «የወንዝ ዳር ዘላይ» በላትና ተገላገል።

ከአራት ኪሎ፦ ልጄ፣ ቀበናን እያየህ አትሰይም። ሐይቅም ጨዋማ ባሕርም ዳር የሚኖሩ አሉ። «ዘላይ» ካልን ደግሞ ፌንጣ የት ይግባ? ትኋንንም አትናቁት። ተመራማሪው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከእነዚሁ አንዷን ሲሜክስ ሳልታቶሪየስ ብሏታል፤ ሲሜክስ በላቲን ትኋን ነው፣ ሁለተኛው ዘላይ ወይም ጨፋሪ እንደ ማለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፣ ይህን ያወጣው ግን ስዊድናዊ ነው። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ፋብሪሲየስ በ1803 ሳልዳ የተባለውን ወገን፣ ቫን ዱዚ በ1914 ሳልዱላን ለይተው አቆሙ። «ኡላ» ማሳነሻ ናት።

ከፒያሳ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «ዘር»፣ «ወገን»፣ «ዝርያ» ግን ተምታተውብኛል።

ከለገሃር፦ «ዘር»ን ተወው፣ ገበሬ የሚዘራውም ዘር ነው። ሳልዱላ ወገን (ጂነስ)፣ በውስጧ ያለችው ሳልዱላ ፓሊፔስ ዝርያ (ስፒሺስ)፣ ሁሉንም የሚያቅፈው ሳልዲዴ አስተኔ (ፋሚሊ)።

ከአራት ኪሎ፦ ተባረክ። መለያዋን ስትተረጉም ክንፉ ላይ ተጠንቀቅ። የፊት ክንፏ ከሥሩ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ስስ ነው። ስሱ ላይ እንደ ደም ሥር በተዘረጉ መስመሮች የታጠሩ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም ክፍሎች አሉ። አምስት ሲሆኑ ኪሎክሳንቲኔ ወደሚባለው ንዑስ አስተኔ ይወስዱሃል፣ አራት ሲሆኑ ሳልዱላ ወዳለችበት ወደ ሳልዲኔ። ቀለም ግን አትመን፤ ፓሊፔስ አንዷ ገርጣ ያለች፣ አንዷ ጥቁር ልትሆን ትችላለች። ተመራማሪዎቹም ዝርያ ሲለዩ ብዙ ጊዜ የወንዱን የመራቢያ አካል ነው የሚያዩት። «ዝንጉርጉሯ» ምናምን የሚል ስም እንዳታወጣ!

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ ረቱኝ። ለአስተኔው «የውሃ ዳር ትኋን»፣ ወገኗ ግን ሳልዱላ እንዳለች ትቅር።

ከፒያሳ፦ ተስማማሁ። የክንፉን ክፍሎች «ሴል» ልበላቸው?

ከለገሃር፦ ኧረ! አንባቢ ወደ ሕዋስ ይሄድብሃል። «ክፍል» በቂ ነው።