ሐረር፦ ሰገነቱ ዘንበል ብሏል፣ ነገ ጠዋት ሠራተኛ ይመጣል፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ጠያቂ፦ አቦ እርዱኝ። የማታው ዝናብ የፎቁን ሰገነት በአንድ በኩል አዘንብሎታል፤ ባልዲ ደቅነን ነው ያደርነው። ከባለቀለሙ መስኮት ሁለት መስታወት ረግፏል፣ ቀዩና ሰማያዊው። አጎቴ «አፍርሰን በብረትና በስሚንቶ እንሥራው» ብሎ ለነገ 2 ሰዓት ሰው ቀጥሯል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሠራው ቤት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ መፍረሱ አንጀቴን በላው። ምን ላድርግ?

የጀጎል ልጅ፦ ሸራ አልብሰው።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ይታረም። ራምቦ ያንን ቤት አልሠራም። ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፣ ማርሴይ የሞተው በ1884። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሙዚየም ከእሱ በኋላ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ከተማዋ በ1879 በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ህንዶች ሸቀጥ ይዘው መጡ፤ የሐረሪው ቤት ፊቱን ወደ ግቢ ሲያዞር፣ እነሱ ባለፎቅ ሠርተው የእንጨት ሰገነት ወደ መንገድ አወጡ። ያንተም የነሱ ዓይነት ነው።

ቀልደኛው፦ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ነው የሸጠው። ሰገነቱን በጠመንጃ ደግፈው።

ጠያቂ፦ መምህር አመሰግናለሁ፣ ግን ማን እንደሠራው ለባልዲዬ ምን ይጠቅመዋል?

አናጢ ነኝ፦ ይጠቅማል እንጂ! እንዲህ ያለ ሰገነት የሚቆመው ግድግዳ ውስጥ በገባው አግዳሚ ላይ ነው። የአግዳሚውን ጫፍ በቢላ ውጋው፤ እንደ ዳቦ ከገባልህ በስብሷል። ለዛሬ ከሥሩ ሁለት ባላ አቁምና ማንም እላዩ አይውጣ። ቆርቆሮውን ከመቀየርህ በፊት የሚስማሩን ቀዳዳዎች እይ፣ አብዛኛው የሚያፈስሰው እዚያ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ከሆነ ስሚንቶ አትለስነው፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱን ይጨርሰዋል። በጭቃ ሞልተህ ኖራ ቀባው። ስባሪ መስታወቱን አትጣል፣ ቀለሙን ለማመሳሰል ትፈልገዋለህ።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ እዚያ ቤት የሚያድረው አጎትህ ነው ወይስ ቱሪስቱ? የኛን «ቅርስ» ምስጥ ነው የበላው።

አስጎብኚ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በ1998 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ቅርስ የሆነ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይታደስም። ወንድሜ፣ ጠዋት ሠራተኛው ሳይጀምር ፎቶ ይዘህ ቅርስ ቢሮ ሂድ። ቤቱ የግል ነው የቀበሌ? ይህን ሳትነግረን እንዴት እንምከርህ?

መምህሩ፦ ስለ ጠመንጃው ቀልደኛው ልክ ነው። በዚያው በ1879 ነው፤ ያሰበውን ያህልም አላተረፈም።

የጀጎል ልጅ፦ ሸራ ነው ያልኩት እኮ።

አናጢ ነኝ፦ ጠያቂ፣ ባላውን አቆምክ?

የጀጎል ልጅ፦ ሳምንት ሆነው፣ ድምፁ ጠፋ። ሸራውንስ አለበስከው?